የጽንፈ ዓለም መስፋፋት አለካክ

የጽንፈ ዓለም መስፋፋት አለካክ በጋላክሲዎች መካከል ያለው ርቀት በምን ያህል ፍጥነት እየጨመረ እንደሆነ ለማወቅ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች ስብስብ ነው። የልኬቱ ውጤት የሀብል ቋሚ በሚባል አንድ ቁጥር ይገለጻል። ይህ ቁጥር አንድ ጋላክሲ ከእኛ በ1 ሜጋፓርሴክ በራቀ ቁጥር የሚርቅበት ፍጥነት በሰከንድ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚጨምር ይናገራል። 1 ሜጋፓርሴክ ብርሃን በ3.26 ሚሊዮን ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው። በአሁኑ ጊዜ የሚታወቁት ዋና ዋና ልኬቶች ከ67 እስከ 73 ባሉት ቁጥሮች መካከል ይገኛሉ። በእነዚህ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት በዘመናችን ፊዚክስ ውስጥ መልስ ካላገኙ ትልልቅ ጥያቄዎች አንዱ ነው።

በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ናቸው። ለልኬቱ መነሻ የሆኑት የሰማይ አካላት ከኢትዮጵያ በዓይን ስለሚታዩ፣ የሚታዩበት ቦታና ጊዜ ወላይታ ሶዶን ምሳሌ በማድረግ ከታች ተገልጿል።

መስፋፋት ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥቁር አዝሙድ የገባበት የድፎ ዳቦ ሊጥ ኩፍ ሲል እያንዳንዱ የአዝሙድ ፍሬ ከሌሎቹ ፍሬዎች ሁሉ ይርቃል። ሊጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ እጥፍ ቢሆን፣ ከአንድ ፍሬ 1 ሴንቲ ሜትር ርቆ የነበረው ፍሬ 2 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ 2 የነበረው 4፣ 3 የነበረው ደግሞ 6 ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው በሰዓት 1፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 3 ሴንቲ ሜትር የራቀ ይመስላል። ሩቅ የነበረው በፍጥነት፣ ቅርብ የነበረው በዝግታ ይርቃል ማለት ነው። የትኛውንም ፍሬ መነሻ ብናደርግ የምናየው ይህንኑ ስለሆነ፣ ከፍሬዎቹ መካከል «እኔ መሐል ላይ ነኝ» ሊል የሚችል የለም።

ጋላክሲዎችም እንዲሁ ናቸው። የሚለጠጠው በመካከላቸው ያለው ኅዋ ነው እንጂ እነርሱ ከአንድ ቦታ በፍንዳታ ተወርውረው የሚበሩ አይደሉም። ምሳሌው ግን በአንድ ነገር ይጎድላል፦ ዳቦ ጠርዝ አለው፤ ጽንፈ ዓለም ግን ጠርዝ እንዳለው የሚያሳይ ምንም ማስረጃ አልተገኘም።

የአዝሙዱ ፍሬ ራሱ ከሊጡ ጋር እንደማይለጠጥ ሁሉ፣ በስበት ወይም በአተሞች መሳሳብ የተያዙ ነገሮች አይሰፉም። የፀሐይ ሥርዓት፣ መሬት፣ ተራሮችና ሰዎች ባሉበት መጠን ይቆያሉ። የመስፋፋቱ ፍጥነት በየ1 ቢሊዮን ዓመቱ 7 በመቶ ገደማ ነው። ከሶዶ እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ያለው 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት በዚህ መጠን ይለጠጥ ቢሆን ኖሮ እንኳ የሚጨምረው በዓመት 0.02 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። የስምጥ ሸለቆው ሁለት ዳርቻዎች በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ ይህ ግን ከመሬት ቅርፊት እንቅስቃሴ የመጣ እንጂ ከጽንፈ ዓለም መስፋፋት ጋር ግንኙነት የለውም።

ለልኬቱ ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ የጋላክሲው ፍጥነትና የጋላክሲው ርቀት። የመጀመሪያው በአንጻራዊነት ቀላል ነው። ከባዱ ሁለተኛው ነው፤ የሀብል ቋሚ በታሪኩ ብዙ ጊዜ የተለወጠውም ርቀቶች በየጊዜው ስለታረሙ ነው።

ፍጥነትን መለካት

የጋላክሲ ብርሃን በመሣሪያ ወደ ቀለማቱ ሲበተን በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ጥቁር ወይም ደማቅ መስመሮች ይታያሉ። እነዚህ መስመሮች የሃይድሮጅን፣ የካልሲየምና የሌሎች ንጥረ ነገሮች ምልክቶች ናቸው። ለምሳሌ አንዱ የሃይድሮጅን መስመር በቤተ ሙከራ ሲለካ የሞገድ ርዝመቱ 656.3 ናኖ ሜትር ነው። ብርሃኑ ወደ እኛ ሲጓዝ ኅዋው ስለሚለጠጥ የሞገዱ ርዝመትም አብሮ ይለጠጣል፤ መስመሩም ወደ ቀይ ይሸጋገራል። ይኸው መስመር በአንድ ጋላክሲ ብርሃን ውስጥ በ669.4 ናኖ ሜትር ላይ ቢገኝ የተለጠጠው በ2 በመቶ ነው። የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ 2 በመቶው ማለትም በሰከንድ 6,000 ኪሎ ሜትር ጋላክሲው የሚርቅበት ፍጥነት ይሆናል። ይህ ቀጥተኛ ስሌት የሚሠራው መለጠጡ አነስተኛ ሲሆን ነው።

ቅርብ የሆኑ ጋላክሲዎች ለዚህ ሥራ አይመቹም። በስበት እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ የራሳቸው እንቅስቃሴ የመስፋፋቱን ምልክት ይሸፍነዋል። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ እንዲያውም ወደ እኛ እየቀረበ ነው፤ መስመሮቹም የሚሸጋገሩት ወደ ሰማያዊ ነው።

ርቀትን መለካት፦ የርቀት መሰላል

ወደ ሩቅ ጋላክሲዎች የሚያደርስ አንድ ወጥ መለኪያ የለም። ተመራማሪዎች ቅርቡን በአንድ ዘዴ ለክተው፣ በእርሱ ቀጣዩን ዘዴ ያስተካክላሉ። ይህ ቅደም ተከተል የርቀት መሰላል ይባላል። አንዱ መረገጫ ከተዛባ ከበላዩ ያሉት ሁሉ ይዛባሉ።

1. ፓራላክስ። አንድ ሰው ከሶዶ ሆኖ ጣቱን በዳሞታ ተራራ ፊት ቢያቆምና አንዱን ዓይኑን ከዚያም ሌላውን ቢጨፍን፣ ጣቱ በተራራው ላይ ቦታ የቀየረ ይመስላል። ጣቱ ይበልጥ ሲርቅ የሚዘለው ርቀት ያንሳል። መሬት በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር በ6 ወር ልዩነት የምትገኝባቸው ሁለት ነጥቦች 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ቅርብ ከዋክብትም ከእነዚህ ሁለት ነጥቦች ሲታዩ ከሩቆቹ አንጻር በጥቂቱ ይዘላሉ። የርቀቱ ስሌት የተለመደው የሦስት ማዕዘን ስሌት ነው። ማዕዘኑ ግን እጅግ ጥቃቅን ነው፤ በቅርበት የሚታወቀው የአልፋ ሴንታውሪ ፓራላክስ እንኳ ከ1 ሰከንድ ቅስት ያነሰ ነው። 1 ሰከንድ ቅስት የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ሲሆን፣ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነገር ከ2 ኪሎ ሜትር ርቀት ሲታይ የሚኖረው ማዕዘን ነው። በ2013 የመጠቀው የአውሮፓ ጋያ መንኮራኩር የዚህን ማዕዘን የአሥር ሺዎች ክፍል ያህል ጥቃቅን መዛወሮችን ለክቷል።

2. ሴፌይድ ከዋክብት። ከዚያ በላይ ላለው ርቀት የመብራት ብሩህነት ያገለግላል። ሁለት እኩል ኃይል ያላቸው አምፖሎች ካሉና አንዱ እጥፍ ቢርቅ፣ የሚደርሰን ብርሃን ወደ አንድ አራተኛ ይቀንሳል፤ ሦስት እጥፍ ቢርቅ ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል። ስለዚህ የአምፖሉን ትክክለኛ ኃይል የሚያውቅ ሰው ከሚታየው ብርሃን ርቀቱን ማስላት ይችላል። ችግሩ የኮከብን ትክክለኛ ኃይል ማወቅ ነው። አሜሪካዊቷ ሄንሪየታ ሌቪት በ1912 ባወጣችው ጥናት፣ በትንሹ የማጄላን ደመና ውስጥ ያሉ 25 ሴፌይድ የተባሉ ከዋክብት በየጊዜው ሲደምቁና ሲደበዝዙ፣ ዑደታቸው የረዘመው ይበልጥ ብሩህ መሆኑን አሳየች። ሁሉም በአንድ ደመና ውስጥ ስለሆኑ ርቀታቸው በግምት እኩል ነው፤ ስለዚህ የብሩህነታቸው ልዩነት እውነተኛ ነው። ከዚህ በኋላ የሴፌይድን ዑደት በቀናት መቁጠር ኃይሉን ለማወቅ በቂ ሆነ።

3. ዓይነት አንድ ኤ ሱፐርኖቫ። ነጭ ድንክ የሚባል የሞተ ኮከብ በተወሰነ ሁኔታ ሲፈነዳ ለጥቂት ሳምንታት በቢሊዮን የሚቆጠሩ ፀሐዮችን ያህል ያበራል። የፍንዳታዎቹ ብሩህነት ተቀራራቢ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚደበዝዘው ፍንዳታ ይበልጥ ብሩህ ስለሆነ፣ ይህን በማስተካከል ልዩነቱን መቀነስ ይቻላል። ሴፌይድም ሱፐርኖቫም በታዩባቸው ጋላክሲዎች አማካይነት የሱፐርኖቫው ኃይል ይለካል። ከዚያም ሴፌይድ ወደማይታይባቸው፣ መስፋፋቱ ግን ጎልቶ ወደሚታይባቸው ሩቅ ጋላክሲዎች መሻገር ይቻላል።

የስሌት ምሳሌ

የሀብል ሕግ ቀላል ነው፦ ፍጥነት = የሀብል ቋሚ × ርቀት። ከላይ የተጠቀሰው በሰከንድ 6,000 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ጋላክሲ በሱፐርኖቫ ተለክቶ ርቀቱ 82 ሜጋፓርሴክ ሆኖ ቢገኝ፣ 6,000 ለ82 ሲካፈል 73 ገደማ ይሆናል። ርቀቱ 89 ሜጋፓርሴክ ቢሆን ግን ውጤቱ 67 ነው። በሁለቱ ርቀቶች መካከል ያለው ልዩነት 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የዛሬው ክርክር በሙሉ በዚህች ጠባብ ልዩነት ውስጥ ይገኛል። በተግባር አንድ ጋላክሲ አይበቃም፤ የብዙ መቶ ጋላክሲዎች ፍጥነትና ርቀት በግራፍ ላይ ተቀምጦ የመስመሩ ተዳፋት ይወሰዳል።

ቁጥሩ እንዴት ተለወጠ?

ቬስቶ ስላይፈር ከ1912 ጀምሮ የጋላክሲዎችን ፍጥነት በመለካት አብዛኞቹ እየራቁ መሆናቸውን አየ። በዚያን ጊዜ ግን ጋላክሲዎቹ ከእኛው ፍኖተ ሐሊብ ውጭ መሆናቸው ገና አልታወቀም ነበር። ኤድዊን ሀብል በ1923 በካሊፎርኒያ በማውንት ዊልሰን በነበረው የ2.5 ሜትር ቴሌስኮፕ በአንድሮሜዳ ውስጥ ሴፌይድ አገኘ፤ በሌቪት ግንኙነትም አንድሮሜዳ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ የሚገኝ ራሱን የቻለ ጋላክሲ መሆኑን አረጋገጠ።

የቤልጅየሙ ቄስና የፊዚክስ ሊቅ ጆርጅ ለሜትር በ1927 ከአንስታይን እኩልታዎች ተነሥቶ ጽንፈ ዓለም እየሰፋ መሆኑን አሳየ። ሀብል በ1929 የ24 ጋላክሲዎችን ርቀትና ፍጥነት አነጻጽሮ ሕጉን በምልከታ አቀረበ። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2018 በተደረገ ድምፅ ሕጉ የሀብል–ለሜትር ሕግ እንዲባል ሐሳብ አጸደቀ።

ሀብል ያገኘው ቁጥር 500 ገደማ ነበር። ይህ ቁጥር ትክክል ቢሆን የጽንፈ ዓለም ዕድሜ 2 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይሆናል፤ ከመሬት ዕድሜ ያነሰ ማለት ነው። ልጅ እናቱን በዕድሜ ሊበልጥ ስለማይችል አንድ ነገር እንደተሳሳተ ግልጽ ነበር። ዋልተር ባደ በ1952 ሴፌይዶች ሁለት ዓይነት መሆናቸውንና እስከዚያ ድረስ ተቀላቅለው እንደቆዩ አሳወቀ፤ ርቀቶቹም በእጥፍ አደጉ። አለን ሳንዴጅ በ1958 ቁጥሩን ወደ 75 ገደማ አወረደው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አንዱ ወገን 50፣ ሌላው ወገን 100 እያለ ሲከራከር ቆየ። በ1990 የመጠቀው የሀብል ቴሌስኮፕ ሴፌይዶችን በሩቅ ጋላክሲዎች ውስጥ ለመለየት አስቻለ፤ በዌንዲ ፍሪድማን የተመራው ቡድንም በ2001 72 የሚል ውጤት አወጣ፤ የስህተት ወሰኑ 8 ነበር።

በ1998 ሁለት ቡድኖች በሩቅ ሱፐርኖቫዎች አማካይነት መስፋፋቱ እየፈጠነ መሆኑን አገኙ። ለዚህ ሶል ፐርልሙተር፣ ብራያን ሽሚትና አዳም ሪስ በ2011 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የማፍጠኑ ምክንያት ጥቁር ኢነርጂ ይባላል፤ ምንነቱ ግን እስካሁን አልታወቀም።

ሁለተኛው መንገድ፦ ከመነሻው መጀመር

የርቀት መሰላል ከቅርብ ወደ ሩቅ ይወጣል። ሌላው ዘዴ የሚነሣው ከጽንፈ ዓለም ሕፃንነት ነው። ከመነሻው 380,000 ዓመት ገደማ በኋላ ጽንፈ ዓለም በመቀዝቀዙ ብርሃን በነፃነት መጓዝ ጀመረ። ያ ብርሃን ዛሬ ከሁሉም አቅጣጫ የሚመጣ ደካማ የማይክሮዌቭ ጨረር ሆኖ ይገኛል፤ ሙቀቱ ከፍጹም ዜሮ በላይ 2.7 ዲግሪ ነው። አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን በ1965 ግኝታቸውን አሳወቁ።

በዚህ ጨረር ላይ ጥቂት ሞቅና ቀዝቀዝ ያሉ ነጠብጣቦች አሉ። የነጠብጣቦቹ እውነተኛ መጠን በጥንቱ ትኩስ ጋዝ ውስጥ የድምፅ ሞገድ ሊጓዝ ከቻለው ርቀት ይሰላል። ቁመቱ የታወቀ የስልክ እንጨት ከሩቅ በሚታይበት ማዕዘን ርቀቱን ማወቅ እንደሚቻል ሁሉ፣ ከነጠብጣቦቹ ማዕዘን የጽንፈ ዓለምን ጂኦሜትሪና የመስፋፋት ታሪክ ማስላት ይቻላል። በ2009 የመጠቀው የፕላንክ መንኮራኩር በ2018 ባወጣው ውጤት የሀብል ቋሚ 67.4 ሆነ፤ የስህተት ወሰኑ 0.5 ነው። ይህ ቁጥር ግን በቀጥታ የተለካ ሳይሆን አሁን ተቀባይነት ያለው የጽንፈ ዓለም ሞዴል ትክክል ነው ተብሎ የተሰላ ነው። በዚሁ ሞዴል መሠረት የጽንፈ ዓለም ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ነው።

የሁለቱ ውጤቶች አለመስማማት

በአዳም ሪስ የሚመራው ቡድን በ2022 በሴፌይድና በሱፐርኖቫ መሰላል 73.04 የሚል ውጤት አወጣ፤ የስህተት ወሰኑ 1.04 ነው። ይህና የፕላንክ ውጤት የየራሳቸው የስህተት ወሰን ተሰልቶ እንኳ አይገናኙም። ልዩነቱ በዕድል ብቻ የመጣ የመሆኑ ዕድል ከሚሊዮን አንድ ያነሰ ነው።

ሁለት ማብራሪያዎች ይቀርባሉ። አንደኛው በመሰላሉ ውስጥ የተደበቀ ስህተት አለ የሚል ነው፤ ለምሳሌ የሴፌይዱ ብርሃን ከጎረቤት ከዋክብት ብርሃን ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። በ2021 የመጠቀው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ሴፌይዶቹን ይበልጥ ለይቶ ሲያይ፣ ይህ መቀላቀል ብቻውን ልዩነቱን እንደማያስረዳ የሪስ ቡድን ዘግቧል። በሌላ በኩል ፍሪድማንና ባልደረቦችዋ በሴፌይድ ፈንታ ቀያይ ግዙፍ ከዋክብትን ተጠቅመው በ2019 69.8 አግኝተዋል፤ ይህም በሁለቱ መካከል ነው። ሁለተኛው ማብራሪያ ሞዴሉ ራሱ ይጎድለዋል የሚል ነው። ይህ እውነት ከሆነ ስለ ጥቁር ኢነርጂ፣ ስለ ስበት ወይም ስለ ጥንቱ ጽንፈ ዓለም የምናውቀው መታረም አለበት።

ከመሰላሉም ከሞዴሉም ነፃ የሆነ ሦስተኛ ምስክር የስበት ሞገድ ነው። ነሐሴ 17 ቀን 2017 የሁለት ኒውትሮን ከዋክብት ግጭት በስበት ሞገድም በብርሃንም ታየ። ከሞገዱ ጥንካሬ ርቀቱ፣ ከጋላክሲው ብርሃን ፍጥነቱ ተገኝቶ ውጤቱ 70 ገደማ ሆነ። የስህተት ወሰኑ ግን ሰፊ ስለሆነ ለጊዜው ሁለቱንም ወገን ያስተናግዳል።

የመሰላሉ አካላት ከወላይታ ሰማይ

ሶዶ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ከሞላ ጎደል ይታያታል። አውሮፓ ላለ ተመልካች የማጄላን ደመናዎች ፈጽሞ አይወጡም፤ ለደቡብ አውስትራሊያ ተመልካች ደግሞ ዴልታ ሴፌይ አይታይም። ከወላይታ ግን ሁሉም በአንድ ምሽት ሊታዩ ይችላሉ። ጊዜው በታኅሣሥ መጨረሻ ከምሽቱ 3 ሰዓት ግድም፣ ጨረቃ በሌለበትና ከከተማ መብራት ራቅ ባለ ቦታ ነው።

ዴልታ ሴፌይ፦ ሴፌይዶች ስማቸውን ያገኙበት ኮከብ። በሰሜን ምዕራብ ዝቅ ብሎ በዓይን ይታያል። ዑደቱ 5.37 ቀን ስለሆነ ከጎረቤት ከዋክብት ጋር በማነጻጸር መድመቁንና መደብዘዙን በተከታታይ ምሽቶች መመዝገብ ይቻላል።

አንድሮሜዳ፦ በሰሜን ምዕራብ ከአድማስ በላይ 40 ዲግሪ ገደማ የምትገኝ ደብዛዛ ጭጋግ መሳይ። ርቀቷ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው።

ትልቁና ትንሹ የማጄላን ደመናዎች፦ በደቡብ አድማስ ላይ ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ከፍታ፤ ማለትም እጅ ተዘርግቶ የአንድ ጭብጥ ስፋት ያህል ወይም ያነሰ። አድማሱ ክፍትና አየሩ ጥርት ያለ መሆን አለበት። የትልቁ ደመና ርቀት በ1 በመቶ ትክክለኛነት ተለክቷል፤ 162,000 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ለዛሬው የርቀት መሰላል ከዋና መልህቆች አንዱ ይህ ነው።

የሰሜን ኮከብ፦ እርሱም ሴፌይድ ነው። ከአድማስ በላይ 7 ዲግሪ ብቻ ስለሚሆን በከተማው ሰሜን ያለው ዳሞታ ሊሸፍነው ይችላል።

ጥናቱ በኢትዮጵያ

በእንጦጦ ተራራ ላይ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ የተተከሉት ሁለት ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ዲያሜትር ያለው መስታወት አላቸው። ተቋሙ የተጀመረው በ2004 በተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ጥረት ነው። በዚህ መጠን ያለ ቴሌስኮፕ ተለዋዋጭ ከዋክብትንና ቅርብ ሱፐርኖቫዎችን ለመከታተል ይበቃል፤ ክረምት ላይ ደመናው፣ በማንኛውም ጊዜ ደግሞ የአዲስ አበባ መብራት ምልከታውን ይገድቡታል።

የሀብል ቋሚን ለማስላት ግን የራስ ቴሌስኮፕ ግዴታ አይደለም። የጋያ የከዋክብት መዝገብና ፓንቴዮን ፕላስ የተባለው ከ1,500 በላይ ሱፐርኖቫዎችን የያዘ ስብስብ ለማንም በነፃ ክፍት ናቸው። በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ቦታ ያለ ተማሪ መረጃውን አውርዶ፣ ፍጥነትን በአንድ ዓምድ፣ ርቀትን በሌላ ዓምድ አስቀምጦ፣ በተለመደ የስሌት ፕሮግራም የመስመሩን ተዳፋት ማግኘት ይችላል። የሚገኘው ቁጥር የትኛው የሴፌይድ ርቀት መነሻ እንደተደረገ ይወሰናል። ይህን መነሻ በ8 በመቶ ለውጦ ውጤቱን ማየት፣ በ67 እና በ73 መካከል ያለው ክርክር የት ላይ እንዳለ ለመረዳት አጭሩ መንገድ ነው።